ለአገር ሁሉ የሚደነቅ ሰው

በድሮ ዘመን፣ ተራራ ሁሉ ገና ለጋ ሳለ፣ ሥራ የበዛበት አንድ አገር ነበር።

ሥራ የበዛበት ስላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ልጆች። በዚያ አገር ሰው መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ «እንዴት አደርክ?» ይለዋል። ያኛው ሳይቆም ያልፋል። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ከገበያ ሲመለስ ነው የሚሰጠው። ከመሸበት ደግሞ መልሱ ለሚቀጥለው ገበያ ይተላለፋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ግን ሰላምታ የበላ ሰው አልነበረም፤ ጨዋ አገር ነው።

ወንዱ ሲያርስ ጎንበስ፣ ሲያርም ጎንበስ፣ ሲያጭድ ጎንበስ። ሴቷ ስትፈጭ ጎንበስ፣ ስትቀዳ ጎንበስ፣ ስትጠርግ ጎንበስ። ሰማይ በላያቸው መኖሩን የሚያስታውሱት ሲዘንብባቸው ብቻ ነበር።

በዚህ አገር ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሌላም ሰው ሞልቷል፤ ለተረቱ የሚያስፈልጉን ግን በተለይ ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው ዘርጋው ይባላል። ዘርጋው ብልጥ ነው፣ ድምፀ መረዋ ነው፣ ሆዳም ነው። ሥራ ይጠላል እያሉ የሚያሙት ነበሩ። ሐሜት ነው። ሥራን ከማክበሩ የተነሣ በእጁ ሊነካው ይፈራ ነበር እንጂ፣ ጥላቻ የለበትም።

ሁለተኛዋ ደብሪቱ ትባላለች። ደብሪቱ ባሏ የሞተባት ናት፣ ቁጥብ ናት፣ እጇ ሥራ አይፈታም። ከባሏ የቀረቻት አንዲት ቁራጭ መሬት ነበረቻት። ጉልበቷ እሷ፣ ጥሪቷ እሷ፣ ጧሪዋ እሷ። ያቺ መሬት ከእጇ የወጣች ዕለት ደብሪቱ የሰው ደጅ ጠኚ ናት ማለት ነው።

አንድ ዓመት መስከረም ሲጠባ፣ የአገሩ ቄስ ወልደ ሐና ሕዝቡን ሰብስበው ተናገሩ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ሰው በፈጣሪ ሥራ ካልተደነቀ ልቡ እንደ ከረመ ቆዳ ይደርቃል። የደረቀ ልብ ጸሎት አያስገባም። የደረቀ ልብ ፍቅር አያስገባም። የደረቀ ልብ ክረምቱን ሙሉ ቢዘንብበት አይርስም። ስለዚህ ተደነቁ።»

ይህን ብለው እየተጣደፉ ሄዱ። ክርስትና ነበረባቸው፣ ፍትሐት ነበረባቸው፣ ተዝካርም ነበረባቸው።

ሕዝቡ ተሸበረ። ልብ እንደ ቆዳ ይደርቃል ሲባል ማን ይተኛል?

«መደነቁስ ባልከፋ፤ ግን መቼ?» አለ ይርዳው የሚባል ንብ አናቢ ገበሬ። «ሰኞ አርሳለሁ። ማክሰኞ አርሳለሁ። ረቡዕ ቀፎ እሰቅላለሁ።»

«እሑድስ?» አሉት።

«እሑድማ ቅዳሴ አለ» አለ ይርዳው።

እውነቱን ነው ብለው ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይኼኔ ዘርጋው ከተቀመጠበት ተነሣ። ዘርጋው ሲነሣ ማየት ብርቅ ስለነበር ሁሉም ጸጥ አለ።

«ወገኖቼ፣ ለለቅሶ ማን አላችሁ?» አለ።

«አልቃሽ» አሉት።

«ለሙግትስ ማን አላችሁ?»

«ነገረ ፈጅ።»

«ንስሐ አባታችሁ ያዘዙት ስግደት ሲበዛባችሁስ ማንን ትለምናላችሁ?»

«አንዱን መነኩሴ።»

«ታዲያ ለመደነቅ ማን አላችሁ?»

ለካ ማንም የላቸውም። ይህን ያህል ዘመን ያለ ደናቂ መኖራቸው አሳፈራቸው።

«እኔ እደነቅላችኋለሁ» አለ ዘርጋው። «እናንተ ያያችሁትን መጥታችሁ ንገሩኝ፤ መደነቁን ለእኔ ተዉት። የእናንተ ሥራ አይፈታ፣ የእናንተ ልብ አይድረቅ፣ የእኔም ሆድ ባዶውን አይደር።»

ልጆች፣ አትፍረዱባቸው። እናቱ ስትሞት አልቃሽ ቀጥሮ የለመደ ሰው፣ ፀሐይ ስትወጣ ደናቂ ቢቀጥር ምኑ ያስነውራል? ተስማሙ። እንዲያውም «እስከ ዛሬ የት ነበርክ» አሉት።

በማግሥቱ ዘርጋው ጥምጥሙን እንደ ድርቆሽ ክምር ቆልሎ፣ ገበያው ዳር በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሥርዓትም አወጣ። ለትንሽ ድንቅ እንቁላል ነው፤ «ወይ ግሩም» ይልና ያበቃል። ለመካከለኛ ድንቅ ዶሮ ነው፤ «ወይ ግሩም፣ ወይ ድንቅ» ብሎ ያጨበጭባል። ለትልቅ ድንቅ በግ ነው፤ «ወይ ግሩም፣ ወይ ድንቅ፣ ወይ መንክር» ብሎ በግንባሩ ይደፋል። በጉ ሙክት ከሆነ ዕንባም አለው።

መጀመሪያ ይርዳው እየሮጠ መጣ።

«አያ ዘርጋው፣ ላሜ መንታ ወለደች» አለ።

«ተራህን ጠብቅ» አለው ዘርጋው። «ከፊትህ የማርያም መቀነት ያዩ ሰዎች አሉ።»

ይርዳው ተራውን ጠበቀ፣ ዶሮውን ሰጠ፣ ተጨበጨበለት። ቤቱ ሲደርስ ጥጆቹ በየተራ ወድቀው፣ በየተራ ተነሥተው፣ ጠብተው፣ ተኝተዋል። አንዱንም አላየም። ልቡ ግን ዐርፏል፤ በሥርዓቱ ተደንቆለታል።

ቀጥላ አንዲት ወጣት እናት ሕፃኗን አዝላ መጣች።

«ሳቀ» አለችው።

«ማን?»

«ልጄ ነዋ። ገና ዛሬ መሳቁ ነው።»

«እስቲ ደግሞ ይሳቅ፣ ልየው።»

ሕፃኑ የዘርጋውን ጥምጥም ሲያይ ጮኾ አለቀሰ።

«ግዴለም» አለ ዘርጋው፣ «ሳላየውም እደነቃለሁ። እንቁላሉን እዚያ አስቀምጭ። ወይ ግሩም።»

እናቲቱ ወደ ቤቷ ስትጣደፍ ሕፃኑ ከጀርባዋ ሆኖ እንደገና ሳቀ። ዞር አላለችም። የዛሬው ተደንቆላታል።

በመጨረሻ ቄስ ወልደ ሐናም ሰው ላኩ። «በመቅደሱ መስኮት የገባችው የጧት ጮራ ደስ ብላኛለች፤ ማኅሌት ስላለብኝ እባክህ አንተ ተደነቅልኝ» አሉ። እንቁላልም አብረው ላኩ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘርጋው ወፈረ። ጎኑ ወፈረ፣ አንገቱ ወፈረ፣ ስሙም ወፈረና ዝናው ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ አስጠሩት። ገና ደጃፉን ሲያልፍ ንጉሡ አስነጠሳቸው።

«ወይ ግሩም፣ ወይ ድንቅ፣ ወይ መንክር» ብሎ ዘርጋው በግንባሩ ተደፋ።

ንጉሡ ይህን ያህል ዘመን ሲያስነጥሱ እንዲህ የተረዳቸው ሰው አልነበረም። «ሊቀ አንክሮ» ብለው ሾሙት። አንክሮ ማለት መደነቅ ማለት ነው፤ በግዕዝ ሲሆን ግን ደመወዝ አለው።

ሊቀ አንክሮ ዘርጋው ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጃንሆይ፣ አንዳንድ ሰው በየጓሮው ተደብቆ ይደነቃል ይባላል። ሁሉም በየራሱ ከተደነቀ ለእርስዎ የሚተርፍ መደነቅ ከየት ይመጣል?»

ንጉሡ ይህን አስበውት አያውቁም ነበር። ነጋሪት አስጎሰሙ፦ «ያለ ወኪል የተደነቀ መሬቱ ይወረስ።»

ነጋሪቱ ሲጎሰም ደብሪቱ እርሻዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ ታርማለች። አዋጁን ሰማች። ቀና አለች። ጎንበስ አለች።

ዓመቱ ዞረ። ከደብሪቱ እንቁላል አልመጣም፣ ዶሮ አልመጣም፣ በግም አልመጣም። ዘርጋው ነገሩ ከነከነውና በቅሎ ጭኖ እርሻዋ ድረስ ሄደ።

«ደብሪቱ» አላት ከበቅሎው ሳይወርድ።

«ደኅና ዋልክ፣ አያ ዘርጋው።»

«ሊቀ አንክሮ ነኝ አሁን።»

«ይሁንልህ፣ አያ ሊቀ አንክሮ።»

«ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር አላስደነቀሽም?»

«ኧረ ስደነቅ ነው የከረምኩት።»

ዘርጋው ከኮርቻው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ማን ተደነቀልሽ?»

«ራሴ።»

«ራስሽ? ሥራ የለብሽም እንዴ?»

«ሥራ ስላለብኝ ነዋ» አለች ደብሪቱ፣ አረሙን እየነቀለች። «እዚህ ያየሁትን አንተ ዘንድ ለማድረስ ወንዝ መሻገር አለብኝ፣ ዳገት መውጣት አለብኝ፣ ተራ መጠበቅ አለብኝ። እስክመለስ አረሙ ጤፌን ይውጠዋል። ያንተ መደነቅ ለሥራ ፈት ነው የሚመቸው። እኔ ቀና እላለሁ፣ ተመስገን እላለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ። አለቀ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ጩኸት የለውም? ጭብጨባ የለውም?»

«ለማን ብዬ እጮኻለሁ? ፈጣሪ እንደሆነ ሩቅ አይደለም።»

ዘርጋው ግራ ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ነገር ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለመንገርስ መቼ ጊዜ አገኘሁ።»

ዘርጋው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ በእርቅ ሊጨርስ ፈለገ። «ስሚኝ» አለ፣ «አንዲት እንቁላል ብቻ አምጪ፤ ትንሽ ብትሆንም ግዴለም። ዝም እንባባላለን።»

ደብሪቱ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «እንቁላሏንስ አላጣትም፣ አያ ዘርጋው። ነገር ግን አንድ ቀን እንቁላል ከሰጠሁህ የነገው ጎሕ ያንተ ሊሆን ነው። ጎሑን አልሰጥም።»

ዘርጋው በቅሎውን መልሶ በቀጥታ ንጉሡ ዘንድ ሄደና ከሰሳት።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። ወሩ መስከረም ነው፤ ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል። ሕዝቡ ችሎቱን ሊሰማ ወጣ። ሥራውን ጥሎ መውጣቱ፣ ሌላ ሰው ሲከሰስ ማየትም ሥራ ስለሆነ ነው።

ዘርጋው በበቅሎ መጣ፣ ጥምጥሙም ከወትሮው በላይ ተቆልሎ። ደብሪቱ በእግሯ መጣች፣ እንዝርቷን እያሾረች። ጥጧ በክንዷ ላይ ተጠቅልሏል። መንገዱን ሙሉ ፈትላለች።

በዚያን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ እንዳይጠፋ በልብሳቸው ጫፍ እርስ በርስ ይቋጠሩ ነበር። ቁራኛ ይሉታል። የንጉሡ አጋፋሪ የዘርጋውን ኩታ ጫፍ ከደብሪቱ ነጠላ ጫፍ ጋር ጠበቅ አድርጎ ቋጠረው። እሷ መፍተሏን አልተወችም።

«ደብሪቱ» አሉ ንጉሡ፣ «ያለ ወኪል ተደንቀሻል ተብለሻል። ታምኛለሽ ወይስ ትክጃለሽ?»

«አምናለሁ፣ ጃንሆይ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩትም።»

«ጃንሆይ ይስሙልኝ፣ ከቁጥር በላይ ነው አለች» አለ ዘርጋው።

«ዛሬስ?» አሉ ንጉሡ።

«ዛሬም ተደንቄያለሁ።»

«በምን?»

«ስመጣ ቅንጭቡ አጥር ላይ ሸረሪት አድርታበት አየሁ፣ ጃንሆይ። ድሯ ጤዛ ይዞ ያበራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፈትዬ እንደዚያ የቀጠነ ክር ወጥቶልኝ አያውቅም። እሷ እንዝርት የላት፣ ባዘቶ የላት፣ ከሆዷ አውጥታ ነው የምትፈትለው። ማን አስተማራት ብዬ ተደነቅሁ። ከዚያ መንገዴን ቀጠልኩ።»

ንጉሡ ዞር አሉ። «አንተስ ሊቀ አንክሮ፣ በዚያው መንገድ ነው የመጣኸው። ምን አየህ?»

«ጃንሆይ፣ እኔ የስንቱን ሰው ድንቅ ተሸክሜ ነው የምጓዘው» አለ ዘርጋው። «ከትናንት ያደረ አለ፣ ዛሬ የመጣ አለ፣ ለነገ የተቀጠረ አለ። ለማየት ጊዜ የት አለኝ?»

«እውነቱን ነው፣ ሥራ በዝቶበታል» አለ ሕዝቡ በአዘኔታ።

ንጉሡ ጢማቸውን ዳሰሱ። ሴቲቱ አምናለች። ሕጉም የራሳቸው ሕግ ነው። ዘርጋው ፍርዱን ሲቀበል ሁሉም እንዲያየው ከአንድ ድንጋይ ላይ ወጣና ቆመ። ደብሪቱም በቁራኛው ተስባ አጠገቡ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዝርቷ ከእጇ ሾልኮ ወደቀ። መሬቷ እየሄደባት ነው።

ንጉሡ አፋቸውን ለፍርድ ሲከፍቱ፣ ከአደይ አበባው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ወንዝ። ቀጥሎ እንደ ብዙ ሰው ማጉረምረም። ቀጥሎ ሰማዩ ላይ ወርቃማ ጭስ የሚመስል ነገር እየተጥመለመለ ደረሰ። የንብ መንጋ ነው። ንግሥት ንቧን ይዞ አዲስ ቤት ሊፈልግ የወጣ መንጋ።

መንጋው ችሎቱን አንዴ ዞረው። ሁለቴ ዞረው። በሦስተኛው የዘርጋው ጥምጥም ላይ ሰፈረ። ለምን እዚያ ላይ እንደ ሰፈረ ንቦቹ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም።

ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። አጋፋሪው ሸሸ። ደብሪቱ ብቻ አልሸሸችም፤ ተቋጥራለች። ቋጠሮዋን መፍታት ትችል ነበር፣ እጇ ነጻ ነው። አልፈታችውም።

«አትንቀሳቀስ፣ አያ ዘርጋው» አለችው በሹክሹክታ። «ቀስ ብለህ ተንፍስ። አይነኩህም። ቤት የላቸውምና የሚጣሉበት ነገር የለም።»

ንቦቹ ከጥምጥሙ ወደ ትከሻው ወረዱ። እርስ በርሳቸው እግር ለእግር ተያይዘው እንደ ወርቅ ፀጉር እስከ ደረቱ ተንጠለጠሉ። ሕዝቡ በሩቅ ቆሞ፣ እንደ ልማዱ ሁሉ፣ ወደ ዘርጋው አፍ ያያል። እስኪደነቅለት ይጠብቃል።

«ሊቀ አንክሮ፣ ተደነቅ እንጂ» አለ አጋፋሪው ከዛፍ ጀርባ። «ሕዝቡ ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

ዘርጋው «ወይ» ሊል ከንፈሩን አላቀቀ። አንዲት ንብ መጥታ ከንፈሩ ላይ ቆመች። ከንፈሩን መልሶ ገጠመ።

ዘርጋው ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ዝም ብሎ ቆሞ አያውቅም። መናገር የለም፣ መሸሽ የለም፣ መቀበል የለም። ዓይን ብቻ ቀረችው። በዓይኑም ከአፍንጫው በታች ያለችውን ያቺን ንብ አየ። እግሯ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት አለ። ክንፏ ከጤዛ የቀጠነ ነው። በዚያ ክንፍ ላይ ፀሐይ ነበረች። ዕንባው ወረደ። ሙክት ያመጣለት ግን አልነበረም።

ደናቂው ዝም ሲል ሕዝቡ የሚያደርገው ጠፋው። ማንም የሚጮኽለት የለም። ማንም የሚያጨበጭብለት የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀስ ብሎ ዓይኑን ከዘርጋው አፍ ላይ አነሣና ንቦቹን አየ።

ሕጉን መጀመሪያ የጣሱት ንጉሡ ናቸው።

«ጃንሆይ» አለ አጋፋሪው ተጨንቆ፣ «አፍዎ ተከፍቷል።»

«አውቃለሁ» አሉ ንጉሡ፣ ሳይዘጉት።

ከዚያ ቄስ ወልደ ሐና ማማተብ ጀምረው መጨረሱን ረሱና እጃቸው ደረታቸው ላይ ቀረ። ከዚያ ይርዳው፣ ዕድሜውን ሙሉ ንብ ያየ ሰው፣ ንብ አየ። ከዚያ ያቺ ወጣት እናት ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ሳቀ። እናቱ አንገቷን አዙራ ፊቱን አየችው። ብዙ ቆየች።

ይርዳው ወደ ልቡ ሲመለስ ቀፎ አመጣ፤ ኩበትም አጫጭሶ ንቦቹን ቀስ እያለ ወደ ቀፎው አስገባቸው። ዘርጋውን አንዲት ንብ እንኳ አልነደፈችውም። ሰዎች ከበቡት።

«እንዴት ነበር? በል ንገረን» አሉት።

«እኔ እንጃ» አለ ዘርጋው። «ቃል አልመጣልኝም።»

ደብሪቱ ጎንበስ ብላ የወደቀውን እንዝርቷን አነሣች፤ አቧራውን አራገፈች፤ ከዚያም ወደ ንጉሡ ፊት ቀረበች። ዘርጋውም ተከተላት፣ ገና ተቋጥረዋልና።

«ጃንሆይ፣ ፍርዱ አልተጨረሰም» አለች። «ያለ ወኪል የተደነቀ መሬቱ ይወረስ ብለው አውጀዋል። እርስዎም አሁን ያለ ወኪል ተደንቀዋል፤ አጋፋሪዎ ምስክሬ ነው። እኔ መሬቴን የምለቅ ከሆነ እርስዎም ይለቃሉ። የእኔስ አንድ ቁራጭ ናት፤ ከዚያ ጥግ እዚህ ጥግ። የእርስዎ ግን ሰፊ ነው። ወራሹ ይቸገራል ብዬ ነው።»

ንጉሡ አሰቡ። ማሰብንም ለአማካሪ ሰጥተውት ስለኖሩ ትንሽ ዘገዩ።

«ሕጉ ተሽሯል» አሉ በመጨረሻ። «ደብሪቱ፣ መሬትሽ መሬትሽ ናት።»

ደብሪቱ እጅ ነሣች። እንዝርቷን አሾረች።

«እኔስ ጃንሆይ?» አለ ዘርጋው።

«አንተማ የአገሩን ጎሕ በልተሃል» አሉ ንጉሡ። «የእኔንም ጭምር። መልስ እንዳልልህ ያለፈ ጎሕ አይመለስም። ስለዚህ እንቁላል የበላህበትን ቤት፣ ዶሮ የበላህበትን ቤት፣ በግ የበላህበትን ቤት እየዞርክ ሥራውን ትሠራለህ። የቤቱ ሰው ያን ቀን ቀና ብሎ ይዋል።»

አጋፋሪው ቋጠሮውን ፈታ።

እንግዲህ ዘርጋው ዞረ። በአንዱ ቤት ፈለጠ፣ በአንዱ ቤት ቀዳ፣ በአንዱ ቤት አረመ። መጀመሪያ ወገቤን አለ። ቀጥሎ እጄን አለ። ቀጥሎ ዝም አለ። ሰዎቹም ደናቂ የላቸውምና የየራሳቸውን እየተደነቁ ኖሩ። ሥራቸው እንደሆነ አልቀነሰም፤ ዛሬም በዚያ አገር ሥራ ብዙ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ግን በዚያው በቆሙበት መሰጠት ጀመረ ይባላል።

አንድ ቀን ከሌላ አገር አንድ ባለጠጋ የሊቀ አንክሮን ዝና ሰምቶ መጣ፣ ሙክት እየጎተተ። ዘርጋውን ያገኘው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቦይ ሲቆፍር ነው።

«ለአገር ሁሉ የሚደነቀው ሰው አንተ ነህ?»

«ነበርኩ።»

«ተደነቅልኝ። ሙክት አምጥቻለሁ።»

«ምን አይተህ?»

«እኔማ ምኑን አየሁ» አለ ባለጠጋው። «ሥራ የሚባል ነገር ፋታ አልሰጠኝም። አንተው እይልኝ፣ አንተው ተደነቅልኝ። እኔ እዚህ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ቀኑን ሙሉ ቢሆንም እጠብቃለሁ።»

ዘርጋው ዶማውን ተደግፎ ቀና አለ። ባለጠጋውን ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ቀስ ብሎ አየው።

«ወይ ድንቅ» አለ በለሆሳስ።

ሙክቱን አልተቀበለም። ወደ ቦዩ ተመለሰ።

እንግዲህ ልጆች፣ ትምህርቱ ይህ ነው። ለቅሶን አልቃሽ ያደምቀዋል፤ ሙግትን ነገረ ፈጅ ይረታዋል፤ መደነቅ ግን ወኪል አይቆምለትም። ሥራ በዛብኝ የምትሉም ስሙ፦ ጊዜ ያጣ ሰው አንገት አላጣም።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፤ ክፍቱን ተዉት፣ ገና ነገ ይነጋል።